ባጠገባችን ያለውን ማየት፦ ሐዋሳና አካባቢዋ ለጎብኚና ለመምህር

መግቢያ

አንድ ጊዜ ከእጩ መምህራን ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን አካባቢያችንን ለመጎብኘት ወጥተን ነበር። በአንድ ቀን አራት ቦታ አዳረስን። ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ዓሣ በላን፣ በመንገድ ላይ ዘፈንን፣ ሲመሽ ደክሞን ተመለስን። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ተነሣ፦ «ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ታዲያ ውሃው ለምን ጨው አልሆነም?» ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከኛ ከአስጎብኚዎቹም መካከል ቶሎ ብሎ የመለሰ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሐይቁን አይተነው ነበር፤ ግን አላየነውም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያ ዝምታ ስላሳፈረን ነው። እጩ መምህር ነገ ተመድቦ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። መጻሕፍቱም ለተማሪው ላይበቁ ይችላሉ። ተራራና ጅረት፣ ድንጋይና ወፍ ግን የማይገኝበት ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ የተፈጥሮ ስፍራን መጎብኘትና ማስጎብኘት ለመምህር የዕረፍት ቀን ጨዋታ ሳይሆን የሙያው አንድ ክፍል ነው።

አንባቢው ይህን ትምህርት አንብቦ ሲጨርስ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል ብለን እናምናለን፦

ሀ. የሐዋሳ አካባቢ የተፈጥሮ ስፍራዎች እንዴት እንደተፈጠሩ ማስረዳት፤
ለ. በየስፍራው ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሠራ መናገር፤
ሐ. ስፍራዎቹን የሚያሠጋቸውን ነገር ለይቶ ማወቅ፤
መ. ለተማሪዎቹ የአንድ ቀን የጉብኝት ትምህርት ማዘጋጀት።

1. የምንኖርበት ጎድጓዳ

ሐዋሳ የተመሠረተችው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆ የሚፈጠረው የመሬት ቅርፊት ተስቦ ሲሳሳና ሲሰነጠቅ፣ መካከሉም ወደ ታች ሲሰምጥ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያሉት የምድር ክፍሎች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ይህ ምን ያህል ነው? በ60 ዓመት 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ተማሪ በቦርሳው የሚይዘው ማስመሪያ ያህል ነው። ለልጅ ሲነገር የሚገባው እንዲህ ነው።

ቅርፊቱ በሳሳበት ሁሉ የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ መንገድ ያገኛል። በዚህ ምክንያት በሸለቆው ወለል ላይ እሳተ ገሞራዎች ተሰልፈዋል። እሳተ ገሞራ በሆዱ ያለውን ብዙ የቀለጠ ዐለት ባንድ ጊዜ ሲተፋው፣ ከላይ ያለው ጣራ ደጋፊ አጥቶ ይደረመሳል። እንዲህ ተደርምሶ የሚቀረው ሰፊ ጎድጓዳ ካልዴራ ይባላል። ሐይቃችን፣ ከተማችንና በዙሪያው ያለው ሜዳ የሚገኙት በዚህ ዓይነት በጣም አሮጌና ሰፊ ካልዴራ ውስጥ ነው። በስተ ምሥራቅ በወንዶ ገነት በኩል እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚታየው ገደል የጎድጓዳው ግድግዳ ነው።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን በዚያው አሮጌ ጎድጓዳ ውስጥ ሌላ ወጣት ካልዴራ አለ፤ ስሙ ኮርቤቲ ነው። ኡርጂና ጨቢ የተባሉት ሁለት እሳተ ገሞራዎች የሚገኙት እዚያ ነው። በጨቢ ዙሪያ ጥቁርና እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ተንጣሎ ይታያል። ባልጩት የቀለጠ ዐለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። የጥንት ሰዎች ምላጭና መፋቂያ ይሠሩበት ነበር። ኮርቤቲ ዛሬም አልሞተም። ሳይንቲስቶች በሳተላይት ሲለኩት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሬቱ በዓመት በሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ወደ ላይ ሲነሣ አግኝተውታል። ይህ ማለት ዛሬ ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ከሥሩ ያለው ሙቀት ሕይወት እንዳለው ግን ያስረዳል።

2. የውሃው እንቆቅልሽ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ በብዛት 11 ሜትር ያህል፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ ደግሞ ከ20 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም።

እንደሚታወቀው ማንኛውም የወንዝ ውሃ ከድንጋይና ከአፈር ያጠበውን ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨው አይተንም፤ ይቀራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ እንግዲህ ከዘመን ወደ ዘመን እየጨወየ መሄድ ነበረበት። ሻላና አቢያታ እንዲያ ሆነዋል። ሐዋሳ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡበት ጨው አልባ ሐይቅ ሆኖ ቆይቷል።

ምሥጢሩ ከሐይቁ ሥር ነው። በዙሪያው ያለው ዐለት በእሳተ ገሞራና በስንጥቅ የተበሳሳ ስለሆነ፣ ውሃው በመሬት ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ሲሰርግም ጨውን ይዞት ይሄዳል። ሐይቁ በዓይን የማይታይ መውጫ አለው ማለት ነው። ሻላ ከሐዋሳ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከሚሰርገው ውሃ ከፊሉ ወደዚያ አቅጣጫ ይሄዳል ብለው ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ይህን ለተማሪ ለማሳየት ሁለት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይበቃል። አንዱን ታቹን በቀጭን ምስማር ብሱት፤ ቀዳዳውን ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል ብቻ በጭቃ ከፊል ድፈኑት። ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በየቀኑ እኩል መጠን ያለው በጣም ጥቂት ጨው የተጨመረበት ውሃ ጨምሩባቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያልተበሳው ቆርቆሮ በዳር በዳሩ ነጭ ጨው ይጋግራል፤ የተበሳው ግን ያን ያህል አይጨውም። አንዱ ሻላ፣ ሌላው ሐዋሳ መሆኑ ነው።

3. ጎብኚ ምን ያያል? ምንስ ይሠራል?

ሐይቁ ዳር። ከተማዋን ከውሃው የሚለየው የእግር መንገድ በከፊል ግድብ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሐይቁ ውሃ ከፍ ብሎ ከተማዋን ባሰጋ ጊዜ የተሠራው የመከላከያ ግድብ ዛሬ የሰው ሁሉ መንሸራሸሪያ ሆኗል። ጠዋት ማልዶ የወጣ ሰው የዓሣ ንስር ሲጮህ ይሰማል፤ ፔሊካን በቡድን ስትዋኝ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲስቡ ያያል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓ የሚሰደዱ ወፎች ስለሚጨመሩ የወፍ ዓይነት ይበዛል። በጀልባ የሚቀዝፍ ደግሞ ጉማሬ ሊያይ ይችላል። ጉማሬን ግን በሩቁ ነው ማየት፤ ዝም ብሎ የተኛ ቢመስልም ሲቆጣ ጀልባ ይገለብጣል።

አሞራ ገደል። የዓሣው ገበያ ነው። ቆሮሶ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ አምባዛ ለምን ጢም እንዳለው፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ለምን ከሰው እግር ሥር እንደማይጠፋ እዚያ ይታያል። አባ ኮዳ የዓሣውን ጥራጊ እየበላ ስፍራውን ያጸዳል። ስለ ምግብ ሰንሰለት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ የለም። ጥሬ ዓሣ የሚበላም አለ፤ እኛ ግን ለተማሪ አንመክርም፤ ካልበሰለ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊገኝ ይችላልና።

ታቦር ተራራ። ከከተማዋ መካከል የሚነሣ ኮረብታ ነው። ከአናቱ ሲታይ ሐይቁ፣ ከተማዋ፣ በስተ ደቡብ አላሙራ ተራራ፣ በስተ ሰሜን የኮርቤቲ እሳተ ገሞራዎች ባንድ ጊዜ በዓይን ይገባሉ። ካርታ ማንበብ ለማስተማር የተፈጠረ ስፍራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው በእጁ ካርታ፣ በፊቱ ምድሪቱን ይዞ ሁለቱን ያስተያያል።

ወንዶ ገነት። ከሻሸመኔ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጎድጓዳው ግድግዳ ሥር የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። ዝናብ በስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ ከታች ባለው ትኩስ ዐለት ይሞቃል፣ በሌላ ስንጥቅ ይመለሳል። በአካባቢው ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ይታያል። በ1970 እ.ኤ.አ. አሥርት መገባደጃ የተቋቋመውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የደን ኮሌጅም እዚያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። ቴርሞ ሜትር ያለው መምህር ይህን በተማሪዎቹ ፊት ሊያረጋግጥ ይችላል። ከምንጩ አፍ ግን እጅ አይነከርም፤ ፍል ውሃ ከእሳት እኩል ያቃጥላል።

ሰንቀሌ። ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ የሚገኝ የቆርኬ መጠለያ ነው። የሰንቀሌው ቆርኬ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ሰሞን ብዙዎቹ ተገድለው ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሎ ነበር። ዛሬ አንድ ቆርኬ በሣሩ ላይ ሲሮጥ ማየት ማለት ሊጠፋ ጥቂት የቀረውን ነገር ማየት ነው።

ሻላና አቢያታ። በአዲስ አበባ መንገድ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ 260 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ካልዴራ ሲሆን፣ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። አቢያታ ጥልቀት የለውም። ወደ እርሱ የሚፈሰው ውሃ ለመስኖ በመዋሉና ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለማምረት ውሃ በመወሰዱ በእጅጉ ሸሽቷል። በፊት ውሃ በነበረበት ቦታ ላይ አሁን ብዙ በእግር ተሂዶ ነው ውሃው የሚገኘው።

ጉብኝት ተፈጥሮን ብቻ ማየት አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በሐዋሳ በሶሬሳ ጉዱማሌ አደባባይ በድምቀት ይከበራል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ቀኑን የሚወስኑት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ነው። የሥነ ፈለክ ትምህርት ከዚህ ቢጀመር ምን ይጎዳል?

4. አንድ የሩቅ ዘመድ

እስቲ ለንጽጽር ያህል ወደ ሰሜን እንሂድ። አይስላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ለዋልታው ቀርባ የምትገኝ የደሴት አገር ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧም ከ400,000 የማይበልጥ ነው። ከመሬቷ አንድ አሥረኛ ያህሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። ከኛ ጋር ምን ያገናኛታል? የሚያገናኛት ስንጥቁ ነው። አይስላንድም እንደኛ በሚለያይ የመሬት ቅርፊት ላይ የተቀመጠች ናት። እዚያ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃል፤ የኛን አራት እጥፍ ማለት ነው።

ጎብኚዎች ከሚሄዱባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲንግቬትሊር የተባለው ሸለቆ ነው። ስንጥቁ በዓይን ይታያል፤ ሰው በመካከሉ ይሄዳል። አይስላንዳውያን በ930 እ.ኤ.አ. ሸንጎአቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። ጌይሲር የተባለው ፍል ውሃ ሽቅብ ለሚተኮሱ ፍል ውሃዎች ሁሉ ስም አውጥቷል። እርሱ አሁን ብዙ ጊዜ ያንቀላፋል፤ ጎረቤቱ ስትሮክኩር ግን በየጥቂት ደቂቃው ውሃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። አይስላንዳውያን ከምድር ሥር በሚወጣው ሙቀት ከአሥር ቤት ዘጠኙን ያህል ያሞቃሉ፤ ኤሌክትሪክም ያመነጩበታል። እኛም ጀምረናል፤ በአሉቶ ላንጋኖ በ1998 እ.ኤ.አ. አነስተኛ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሮ ነበር። አያሌ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ይህንኑ ሙያ አይስላንድ ሄደው ተምረዋል።

ከአይስላንድ ሁለት ነገር መማር እንችላለን።

አንደኛው የጉልፎስ ፏፏቴ ታሪክ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባለሀብቶች ፏፏቴውን ለኤሌክትሪክ ኃይል ሊያውሉት ባሰቡ ጊዜ፣ በአጠገቡ የምትኖር ሲግሪዱር ቶማስዶቲር የተባለች የገበሬ ልጅ ተቃወመች። ለአቤቱታ ከቤቷ እስከ ዋና ከተማው ድረስ በእግሯ ትሄድ እንደነበር ይነገርላታል። ፏፏቴው ዛሬም ይፈስሳል፤ መታሰቢያዋም አጠገቡ ቆሟል። ስለ ፏፏቴው ያስተማራት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እያየችው ማደጓ ነው።

ሁለተኛው ጎብኚ ራሱ የሚያጠፋው ነው። አይስላንድን በዓመት ከሕዝቧ ብዙ እጥፍ የሆነ እንግዳ ይጎበኛታል። አንድ ጠባብና ውብ ሸለቆ በአንድ የዘፋኝ ቪዲዮ ምክንያት ስሙ ገነነና ሰው ጎረፈበት። ድንጋዩን የሚያለብሰው ሞስ የሚባል ለስላሳ አረንጓዴ ተክል በእግር ተረግጦ ስለጠፋ፣ ስፍራው በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ እንዲያገግም ተደረገ። በእግር በአንድ ቀን የተረገጠው ሞስ ተመልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

5. አጠገባችን ያለው ሥጋት

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ስፍራ አለ። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግና የግጦሽ ሜዳ ነው። ከተራቆተው ዳገት የሚታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ሞላው። ጨለለቃ ለሐዋሳ ሐይቅ እንደ ወንፊት ነበር፤ ከላይ የሚመጣውን ውሃ እያሳረፈ፣ አፈሩን እያስቀረ፣ በጥቁር ውሃ በኩል የጠራውን ያሳልፍ ነበር። ወንፊቱ ሲሞላ ደለሉ ወደ ማን ይሄዳል? ወደ ቀጣዩ ነው።

በዚህ ላይ የከተማዋ ቆሻሻ፣ የፋብሪካ ፍሳሽና ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ ሲጨመር ሐይቁ ይታመማል። ጥልፍልፉ የጠበበ መረብ ደግሞ ገና ያልወለዱ ዓሦችን ያወጣል። በሐይቁ ዳር ባለው ቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዝያም ዕቃ ለማጠብና ለመዋኘት የሚገቡትን ልጆች ያጠቃል። በሌላ በኩል የሐሮማያ ሐይቅ በዘመናችን በዓይናችን ፊት ደርቆ አይተናል። «ሐይቅ አይጠፋም» የሚል ካለ ሐሮማያንና ጨለለቃን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልተነሣንም። የፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነገር ቢነሣ ከኛ ከጎብኚዎቹም ንጹሕ የለም። ያን ቀን ከአውቶቡሳችን ስንወርድ የያዝነውንና ስንመለስ ይዘን የገባነውን ብንቆጥር ኖሮ ልዩነቱ የት ቀረ ብለን በጠየቅን ነበር።

6. የአንድ ቀን ጉብኝት እንዴት ይዘጋጅ?

ካየነው ስሕተት ተነሥተን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ከጉብኝቱ በፊት፦ አንድ ቀን፣ አንድ ስፍራ፣ አንድ ጥያቄ። አራት ቦታ ማዳረስ ይቅር። መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ስፍራውን ይየው፤ የሚያሠጋውን፣ ውሃና ጥላ የሚገኝበትን ይወቅ። ጥያቄው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተማሪዎቹ ግምታቸውን ሳይሄዱ ይጻፉ። ቤተሰብና ርእሰ መምህሩ ይወቁ።

በጉብኝቱ ጊዜ፦ ተማሪዎች ከአምስት በማይበልጥ ቡድን ይከፈሉ። አንዱ ይለካ፣ አንዱ ይሣል፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ የአካባቢውን ሽማግሌ ይጠይቅ። «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ውሃው እስከ የት ነበር?» የሚል ጥያቄ በመጽሐፍ የማይገኝ መልስ ያመጣል። አበባ አይቀጠፍ፣ ድንጋይ አይወሰድ፣ እንስሳ አይመገብ። ለጦጣ ሙዝ የሰጠ ሰው ነገ የልጅ ምሳ የሚነጥቅ ጦጣ ያሠለጥናል።

ከጉብኝቱ በኋላ፦ በማግስቱ ያ ጥያቄ እንደገና ይጠየቅ። የመጀመሪያው ግምትና የአሁኑ መልስ ጎን ለጎን ይነበብ። የተሣለው ሥዕል በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ክፍል በዚያው ስፍራ ቆሞ ከዚያ ሥዕል ጋር ያስተያይ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ትምህርት ቤት የአካባቢው መዝገብ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

ሐዋሳ የሚለው ስም በሲዳምኛ «ሰፊ» ማለት ነው ይባላል። ስፋቱን የምንለካው ግን በካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። አንድ ሐይቅ የሥነ ምድር፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ሕይወት፣ የታሪክና የጤና ትምህርት ባንድ ላይ ነው። ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ አይቶት ይሄዳል፤ እኛ ግን እንቀራለን። ከእኛ የሚማሩት ልጆችም ይቀራሉ። የማያውቁትን ሊጠብቁት አይችሉም። ስለዚህ እጩ መምህር ሆይ፣ ከመመረቅህ በፊት፣ ከመመረቅሽ በፊት፣ አንድ ጠዋት ማልዳችሁ ወደ ግድቡ ውጡና አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ያያችሁትን ጻፉ። ለዚህ የግድግዳ ጋዜጣም አምጡልን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተወለዳችሁበት አካባቢ ያለ አንድ ምንጭ፣ ሐይቅ ወይም ተራራ እንዴት እንደተፈጠረ አስረዱ።
2. የሐዋሳ ሐይቅ በመሬት ውስጥ ለውስጥ የሚሰርግበት መንገድ ቢደፈን ከብዙ ዘመን በኋላ በዓሦቹ ላይ ምን ይደርሳል?
3. በዳገት ላይ ያለ ገበሬ የሚያርስበት መንገድ በሐይቁ ላይ ከሚሠራ ዓሣ አጥማጅ ኑሮ ጋር በምን ይያያዛል? ጨለለቃን ምሳሌ አድርጉ።
4. ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአሞራ ገደል የሚሰጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ዕቅድ አውጡ። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን።